አፍንጫዬ ስር የተጫረው ክብሪት

ዛሬ ጠዋት ሐይቁ ዳር እየሮጥኩ ወደቅሁ። የነቃሁት አፍንጫዬ ስር ክብሪት ሲጨስ ነው።

ለማታውቁኝ፣ የሚጥል በሽታ አለብኝ። ሩጫ የጀመርኩት የሐይቅ ከተማ ሰው "ይቺ ልጅ ከቤት አትውጣ" ሲል እልህ ይዞኝ ነው።

ሜዳሊያ አመጣሁ። ሜዳሊያው ሬዲዮ አስገባኝ። እዚያም በየሳምንቱ ያንኑ እለፈልፋለሁ፦ "ሰው ሲወድቅ ክብሪት አትጫሩበት። በጎኑ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ስር ልብስ አድርጉለት፣ እስኪነቃ አብራችሁት ቆዩ።"

ክብሪቱን የጫሩት አንድ አሳ አጥማጅ ሽማግሌ ናቸው። "አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አፊያ ይስጥሽ" አሉኝ። አፌን ስከፍት ድምፄን ለዩትና ፊታቸው በራ።

"የሬዲዮዋ ልጅ! ወላሂ አንድም ቀን አምልጠሽኝ አታውቂም!"

"ታዲያ አባባ፣ ክብሪቱን ምነው?"

"እሱንማ ሰምቻለሁ። ግን ሰው ወድቆ እጅን አጣጥፎ ማየት ይቻላል እንዴ?"

ክብሪቱ ከንፈሬን አቃጥሎታል። ደግነቱ ለሬዲዮ መልክ አይጠየቅም።

ከንፈሩስ ይድናል። ያን ሁሉ ዓመት ለማን ነበር የማወራው? የሰማኝ ሰው እንዲህ ካደረገኝ፣ ያልሰማኝ ምን ሊያደርገኝ ነው? ዛሬ ማይክሮፎኑንም የሩጫ ጫማውንም ማየት አስጠልቶኛል።

ስነሳ ሽማግሌው ክብሪቱን ከነቀፎው ኪሴ ከተቱልኝ። "ያዢው ልጄ። ሌላ ጊዜ ሲጥልሽ፣ አጠገብሽ ያለው ሰው ክብሪት ላይኖረው ይችላል።"

ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ እያየሁት ነው።

እናንተስ ወድቃችሁ ስትነቁ፣ የሚወዳችሁ ሰው በእጁ ምን ይዞ አገኛችሁት?