የመርዶው ማክሰኞ

ለቴክሳስ ገዥነት የተወዳደረችው ሴትዮ ለጥቂት ተሸነፈች። ለምን እንደተሸነፈች በቴሌቪዥን ሳምንት ሙሉ ተተነተነ። እኔ የማውቀውን ምክንያት ግን ማንም አላነሳውም፤ እኛ ሐበሾች ከምንኖርበት ከቪከሪ ሜዶ የአፓርታማ ግቢ አልወጣም።

ልጄ ለእሷ ስትቀሰቅስ ጫማ ጨርሳለች። በየጎረቤቱ እየዞረች፣ "ፕሊስ፣ ኧርሊ ቮት አድርጉ፣ የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ" ስትል ከረመች። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። "ዜግነት ካገኘን የመጀመሪያችን ነው፤ ማክሰኞ ፈቃድ ወስደን፣ ነጭ ለብሰን፣ አብረን እንሄዳለን" አልኳት፤ ጎረቤቶቹንም አሳመንኩ። የቤተ ክርስቲያኑን ሚኒባስ ቁልፍም ተቀበልኩ።

እሑድ የአንዲት ጎረቤታችን ወንድም አገር ቤት ማረፉ ተሰማ። እሷ ገና አልሰማችም። መርዶው መቼ ይነገራት ብለን ስንመካከር፣ "ማክሰኞ ሁላችንም ከሥራ ነፃ ነን፤ ጠዋት ነግረናት ከሰዓት እንመርጣለን" ያልኩት እኔው ነኝ። ብልጠቴ ነው እንግዲህ!

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በሯን አንኳኳን። ከዚያ በኋላ ማን ይነሳ? ደረቷን እየደቃች የምታለቅስ ሴት ጥሎ፣ "ልምረጥና ልምጣ" የሚል ማን ነው? አሥር ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ጀመር። "ትንሽ እንቆይ አባባ፣ ነውር ነው" አልኳቸው በሹክሹክታ። ልጄ ደጋግማ ስትደውል ስልኬን አጠፋሁት። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ምርጫ ጣቢያው ሲዘጋ እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ሟቹን በመልክ እንኳ አላውቀውም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ዓይኗ አብጦ ወጥ ቤት አገኘኋት። የኛ ጥቂት ድምፅ ውጤቱን እንደማይቀይር ታውቃለች፤ ስለ ጎረቤቶቹም ምንም አላነሳችም።

"አባዬ፣ አንተ ግን ቮት አድርገሃል አይደል?" አለችኝ።

"አዎ፣ በጠዋት ሄጄ" አልኩ።

"ኦኬ" አለችና ሻይ ቀዳችልኝ። ሻዩን ጠጣሁ እንጂ ቃሌን አላስተካከልኩም።

ማን እንደመረጠና ማን እንደቀረ የሚያሳይ ዝርዝር ለቀስቃሾቹ እንደሚሰጥ ከሌላ ሰው የሰማሁት ከወር በኋላ ነው። የግቢያችንን የያዘችው ልጄ ነበረች። ያን ቅዳሜ ስትጠይቀኝ ስሜ እንደሌለበት አይታለች። እውነቱን ከአፌ ልትሰማ ብቻ ነበር የጠየቀችኝ።