ከጸሎት ያነሳኋት ሴት

ሥራዬ ሰው ማጥፋት ነው ስል የሚያውቁኝ ይስቃሉ። ነገሩ ግን እንዲያ ነው። የቆየ ሕንፃ ውስጥ ሌዘር የሚረጭ ማሽን ይተከልና እየዞረ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ ወለሉን በነጥብ በነጥብ ይቀዳል። ነጥቦቹ አሜሪካ፣ ሲያትል፣ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። በማሽኑ ፊት ያለፈ ሰው ሁሉ አብሮ ስለሚቀዳ እየለቀምኩ አጠፋለሁ፤ ከኋላው የቀረውን ባዶ ቦታ ደግሞ በድንጋይ እደፍናለሁ። እጄ ፈጣን ነው። በዚህም እኩራራ ነበር።

ባለፈው ዓመት የደረሰችኝ በፈረንሳይ ገጠር ያለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት። የመንደሩ ሰዎች ጣሪያዋ ሳይወድቅ መልኳ ይቀመጥልን ብለው ያስቀዷት ናት። የደጃፏ ደረጃ በእግር ብዛት መሃሉ ጎድጉዷል። ኖራው በተላጠበት በኩል ዓይናቸው የተፋቀ ቅዱሳን ብቅ ብለው ያያሉ። ወለሉ የመቃብር ድንጋይ ነው፤ ስሞቹ ግማሽ በግማሽ ጠፍተዋል። ምእመናኑ ሙታናቸውን እየረገጡ ነው ስንት ዘመን የቆረቡት። ሌክ ሲቲ በሚባለው የሲያትል ሰፈር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በቀን ብርሃን እየሠራሁ እንኳ ጀርባዬን ብርድ ብርድ ይለኝ ነበር።

ከሁሉ ያስቸገረችኝ አንዲት አሮጊት ናት። ሌላው ሰው ሲራመድ ስለተቀዳ እንደ ጭስ የተበታተነ ነው። እሷ ግን ከግድግዳው ጥግ ተንበርክካ ሙሉ ሆና ቀርታለች። ማሽኑን ስድስት ቦታ ተክለውታል፤ በስድስቱም አለች፣ እዚያው፣ ንቅንቅ ሳትል። የሻርፗ እጥፋት ሳይቀር ይቆጠራል። የሌላት እጅ ብቻ ነው። ክንዷ አንጓዋ ላይ ሲደርስ ያልቃል። ፈራሁ፤ ምን እዋሻለሁ።

አብራኝ የምትኖረው እናቴ ሻይ ይዛልኝ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«ይህ ደግሞ የማን ቤት ነው?»

«ቤተ ክርስቲያን ናት እማዬ። የላሊበላ እኩያ ናት ይላሉ።»

አማተበች። «ሴትዮዋስ?»

«ስካን ሲያደርጉ ገብታባቸው ነው። አሁን ዲሊት አደርጋታለሁ።»

«እጇስ የት ሄደ?»

«የማሽኑ ችግር ነው።»

«የምን ማሽን! መቁጠሪያ እየቆጠረች እኮ ነው። እጇ መቼ ያርፋል?» ሻዩን አስቀመጠች። «ተያት ልጄ። ሰው ከጸሎት አይነሳም።»

«ኦኬ እማዬ» አልኳት። የእኔ ኦኬ እንቢታ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

ሥራው በማግስቱ የምናስረክበው ነበር። አጠፋኋት። ጥጉ ላይ የሰው ቅርጽ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ቀረ። ግድግዳውን ከጎኑ ካለው ግድግዳ፣ ወለሉን ከጎኑ ካለው ድንጋይ ገልብጬ ደፈንኩት። ሥራው ተቀባይነት ሲያገኝም ዋናው ቅጂ እንደ ደንባችን ተሰረዘ።

ከወራት በኋላ ከመንደሩ ደብዳቤ መጣ። የጻፈችው የቤተ ክርስቲያኗን ቁልፍ የምትይዘው ሴት ናት። አንድ ሟች ሁለት ቦታ ተቀብሯል ትላለች። ከፍቼ አየሁት፤ እውነቷን ነው። የገለበጥኩት ድንጋይ ስም ነበረበት፤ ሳላስተውል ሰውየውን ደግሜ ቀብሬዋለሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ደብዳቤው ግን አላበቃም። «ሁለተኛው መቃብር ያለበት ቦታ እናቴ ዕድሜ ልኳን የተንበረከከችበት ነው። ማሽኑ የገባ ቀን ተነሺ ብንላት እንቢ ብላ ነበር። ብርዱ ሳይገባ ሞተች። ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር፤ እዚህ የላካችሁልን ቅጂ ውስጥ ግን አገኛታለሁ ብዬ ነው የከፈትኩት። እናቴን የት አደረጋችኋት?»

እፍረት ፊቴን አነደደው። ዋናውን ቅጂ ፍለጋ ቢሮውን ሁሉ አስቸገርኩ፤ የለም። እኔ ዘንድ የቀረው የደፈንኩበት ድንጋይ ብቻ ነው። እሱ ለብቻው የተቀመጠ ስለሆነ ሊነሳ ይችላል። አነሳሁት። ጉድጓዱ ተመለሰ፤ ራሷ፣ ትከሻዋ፣ የታጠፈ ጉልበቷ፣ ሁሉም ጨለማ። መሃሉ ላይ ግን የተበተኑ የድንጋይ ነጥቦች አሉ። ቆሻሻ መስሎኝ ላጠፋቸው ስል ደነገጥኩ። መቁጠሪያውን ስትቆጥር እጇ ይንቀሳቀስ ስለነበር ሌዘሩ በጣቶቿ መሃል አልፎ ግድግዳውን ነክቶት ነው።

እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። «በይ ላኪላት» አለች። «እንዳለች ላኪላት።»

ምን እንዳደረግሁ ሳልደብቅ ጽፌ፣ ይቅርታ ጠይቄ ላክሁት። መልሱ ሁለት መስመር ነበር። «እጇን አየሁት። አትድፈኑት።»

አልደፈንኩትም። አሁን ያቺን ቤተ ክርስቲያን በስክሪን የሚጎበኝ ሁሉ ጥጉ ላይ ያንን ጨለማ ያገኛል፤ ስህተት አለባችሁ ብለው የሚጽፉልን አሉ። እናቴ በኮምፒውተሬ አጠገብ ስታልፍ ድምጿን ትቀንሳለች። እኔም ሰው ከማጥፋቴ በፊት እጁን አያለሁ።