የጥጃዋ ማደሪያ

ሸዋነሽ ዲላ ከተማ ውስጥ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ሆና ብዙ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ የልጆቹን አፍንጫ መጥረግ፣ የምሳ ዕቃቸውን መክፈትና ከምሳ በኋላ ማስተኛት ነበር። በማስተኛት የሚስተካከላት አልነበረም፤ የጥጃዋን መጽሐፍ ታነብላቸዋለችና።

መጽሐፉ የተሸለመ ነው። ሽፋኑ ላይ ወርቃማ ክብ ማኅተም ነበረው፤ ልጆቹ የቸኮሌት ወረቀት እየመሰላቸው በጥፍራቸው ሲፍቁት ኖረው ዙሪያው ብቻ ቀርቷል። ታሪኩ አንዲት ጥጃ ከመንደሯ እንዴት እንደጠፋች ይናገራል። ጥጃዋ ወንዝ ትሻገራለች፣ ጦጣዎች ያሾፉባታል፣ ዝናብ ይመታታል፤ ባለቤቷ የሆነችው ልጅ እየተጣራች ትከተላታለች። በመጨረሻ ሰፊ መስክ ላይ ታገኛታለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ተገንጥሎ ጠፍቷል።

መዋዕለ ሕፃናቱ ያረጁ መጻሕፍቱን ሲያስወግድ ሸዋነሽ አስፈቅዳ ይህንን ወሰደች። ጀርባውን በጆንያ መስፊያ ክር ሰፋችው። ለልጇ ለሮሆቦት አነበበችላት፤ ሮሆቦት አድጋ ስትወልድ ደግሞ ለልጅ ልጇ ለኤልቤቴል። የጎደለውን ገጽ ከራሷ ሞላችው። ልጅቷ ጥጃዋን እየነዳች ትመለሳለች፣ በበሩ ታስገባታለች፣ ከምድጃው ማዶ ካለው ምሰሶ ጋር ታስራታለች። ጥጃዋ ታመነዥካለች፣ ቤቱ በትንፋሿ ይሞቃል፣ ሁሉም ይተኛል።

ይህን ለመፈልሰፍ አልተቸገረችም። ተወልዳ ያደገችው ደጋው ቡሌ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እዚያ በልጅነቷ ከብት ከሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር ያድር ነበር። ጠዋት እበቱ ተጠርጎ ወደ እንሰቱ ይወሰዳል። የጠፋች ጥጃ ተገኘች ከተባለ ቤት ገባች ማለት ነው፤ ሌላ ማለቂያ አልታያትም።

አሁን ሸዋነሽ ጡረታ ወጥታ ከሮሆቦት ጋር ትኖራለች። ሮሆቦት ወርቃ በሚባል ቦታ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ስለምትሠራ፣ በቡና ወቅት የምትመጣው ለእሑድ ብቻ ነው። ኤልቤቴል ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምትጠብቃት ሸዋነሽ ናት። ልጅቷ ሦስተኛ ክፍል ደርሳለች። የቤት ሥራዋ ከአያቷ ዕውቀት አልፏል። የሸዋነሽ ጣቶች አልታዘዝ ካሉ ወዲህ ጸጉሯን የምትሠራትም ጎረቤት ናት። ለሁለቱ የቀረቻቸው ከራት በፊት ያለችው የንባብ ሰዓት ነበረች። ሸዋነሽ ያቺ ሰዓት ከቀረች፣ በአንድ ቤት እየኖሩ ሰላምታ ብቻ እንደሚተርፋቸው ታውቃለች።

አንድ ዓርብ፣ ተማሪዎች የሚወዱትን ታሪክ በሚናገሩበት ክፍለ ጊዜ፣ ተራው የኤልቤቴል ሆነ። አያቷ እንዳነበበችላት አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ጥጃዋ ቤት ገብታ ከምድጃው ማዶ ስትታሰር ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መነን የምትባል ልጅ፣ ሶፋ ላይ ነው ወይስ አልጋ ላይ የተኛችው፣ ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ የዚያኑ መጽሐፍ አዲስ ኅትመት ከቦርሳዋ አውጥታ የመጨረሻውን ገጽ ለሁሉም አሳየች። እዚያ ልጅቷ ገመዱን ከጥጃዋ አንገት ትፈታለች፤ ጥጃዋም መስኩ ላይ ትቀራለች።

ኤልቤቴል ቤት ገብታ መክሰሷን አልነካችም።

«እማማ፣ ከራስሽ ጨምረሽ ነው እንዴ ስታነቢልኝ የኖርሽው?»

«ገጹ የለማ። ታዲያ ልጂቱን ሜዳ ላይ ትቻት ልሂድ?»

«ጥጃ እኮ ቤት አይገባም።»

ሸዋነሽ፣ ቡሌ በአባቷ ቤት ይገባ እንደነበር ልትነግራት ፈለገች። የልጅቷ ዓይን እንባ እንዳቀረረ አይታ ተወችው። የዚያን ቀን ንባብ አልነበረም። በማግስቱም ኤልቤቴል እንቅልፌ መጣ አለች፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

ሰኞ ሸዋነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሐያት ሱቅ ወረደች። ሐያት ደብተርና እስክሪብቶ የምትሸጥ፣ ከመደርደሪያዋ አንዱን ለልጆች መጻሕፍት የሰጠች ሴት ናት። አዲሱን መጽሐፍ አወረደችላት። ማኅተሙ ያብረቀርቃል። ሸዋነሽ መነጽሯን አድርጋ የመጨረሻውን ገጽ ቆማ አነበበች፤ ደግማም አነበበች።

«ሜዳ ላይ ጥላት ሄደች?»

«ነጻ አወጣቻት እንጂ፣ እትዬ። የኔዎቹ ልጆች ይቺን ገጽ ነው የሚወዱት።»

ሸዋነሽ አልተዋጠላትም። መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው ልትመልሰው ትችል ነበር። ቤት ካስገባችው፣ ኤልቤቴል ሙሉውን ራሷ ታነበዋለች፤ አንባቢ አያት አያስፈልጋትም። ሆኖም ሐያትን በጋዜጣ ጠቅልይልኝ አለቻት።

ኤልቤቴል ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ድምፅ ሳታሰማ አነበበችው። ሸዋነሽ ጓዳ ገብታ ጎመን መቀንጠስ ጀመረች፤ ደህናውንም ቅጠል ከጠወለገው ጋር ትጥላለች። ከቆይታ በኋላ ልጅቷ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«አንዴ ስሚኝ» አለችና ጮክ ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች። ጦጣዎቹ ጋ ስትደርስ ድምፅዋን እንደ አያቷ አቀጠነች። ሸዋነሽ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ጅቡስ?» አለች ሲያልቅ።

«ጅብ የለም።»

«ማን ነው የለም ያለው?»

«ሥዕሉ ላይ የለማ።»

«ሥዕሉ የቀን ነው። ፀሐይዋን አታዪያትም?»

ኤልቤቴል ገጹን ወደ መስኮቱ አስጠግታ መረመረች። ፀሐይዋ ከጥግ በኩል አለች።

«ታዲያ ሲመሽ ምን ሆነች?»

«እኔ ምን አውቄ? አንባቢዋ አንቺ ነሽ።»

ልጅቷ አሰበች። የቀርከሃ አጥር ይሠሩላታል አለች። ሸዋነሽ፣ የቡሌ ጅብ በአጥር ሥር ቆፍሮ እንደሚገባ፣ አባቷ ለዚህ ሲሉ ከብቶቹን ወደ ውስጥ ያስገቡ እንደነበር፣ አንዲት ላም በእንቅልፏ ስታንኮራፋ እንዳሳቀቻቸው ነገረቻት። ኤልቤቴል ላም ታንኮራፋለች ብላ አላመነችም። ጥጃዋ ነጻ መሆኗንም አልለቀቀችም። ሲከራከሩ ሸዋነሽ የጣደችው ጎመን አረረ።

በማግስቱ ኤልቤቴል ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ ጅብ ቀን ቀን እንደሚተኛ መነን እንደነገረቻት፣ ማታ ጥጃዋ ምን እንደምትሆን ግን መነንም እንደማታውቅ ተናገረች። ሸዋነሽ በርጩማ ሳበችላትና መጽሐፉን ከመጀመሪያው እንድታነብላት ጠየቀቻት።