ከሰባራው ድልድይ ወዲህ

ቢቸና ላይ አንድ ሽማግሌ ያለ ጉዳይ በእግሩ ሲሄድ ከታየ ወይ በሬ ጠፍቶበታል፣ ወይ ሰው ሞቶበታል፣ አለዚያም አእምሮው ተነክቷል። እኔ ጡረታ በወጣሁ በመጀመሪያው ወር በሦስቱም ተጠርጥሬያለሁ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር «እግር ካልሠራ ልብ ይሰንፋል» ስላለኝ፣ ጠዋት ጠዋት ዱላዬን ይዤ ወደ የጁቤ በሚወስደው መንገድ እገሰግስ ነበር። ገበሬው ከእርሻው ቀና ብሎ «ምን ጠፋዎት ጌታዬ?» ይለኛል። «ምንም አልጠፋኝም፤ እግሬን ላፍታታ ነው» ስለው ከልቡ ያዝንልኛል። አንድ ቀን እንዲያውም በአንድ መንደር ፈጠን ብዬ ሳልፍ አንዲት ሴት መርዶ ነጋሪ መሰልኋትና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እሪታዋን ለቀቀችው። ጎረቤት ተሰበሰበ። ማንም እንዳልሞተ፣ ለጤናዬ ብቻ እንደምሄድ ብነግራቸው ክፉኛ ተቆጡ። ሰው ካልሞተ ምን ያስሮጥዎታል ነው ነገሩ። ከዚያ ወዲያ በዚያ መንደር ሳልፍ ዝግ እያልሁ ነበር።

በዚያ ዘመን ጡረታ የሚባለው ነገር ለአገራችን አዲስ ነበር። የቀድሞ ሹም ወይ ይሻራል ወይ ይሞታል፤ ሦስተኛ መንገድ አያውቅም። ስለዚህ መንግሥት «ይበቃሃል፣ ዕረፍ» ሲላቸው የእኛ ሰዎች ቃሉን እንደ ሞት ፍርድ ተቀበሉት። እኔ በአውራጃው ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርሁ፤ ከእኔ ጋር አብረው የወጡትን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሚፈልግ ከፍርድ ቤቱ የምሥራቅ ግድግዳ ሥር ያገኛቸዋል። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ በሥራ ዘመናቸው በነበራቸው ማዕረግ ተራ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ወሬያቸው ኩላሊት፣ ወገብ፣ ብርድ ነው። አንዱ ነፋስ ገባብኝ ሲል ሌላው የእሱ ነፋስ የባሰ መሆኑን ያስረዳል። ከመካከላቸው አንዱ ቤቱ ለቤተ ክርስቲያኑ በጣም ከመቅረቡ የተነሣ የበቅሎው ጭራ ከደጁ ሳይወጣ አንገቷ ቅጽሩ ይደርሳል፤ እሱ ግን በእግሩ ሄደ ከምባል ብሎ ኮርቻ ያስጭናል። እነዚህን ሰዎች ከልቤ ንቄያቸው ነበር። ንቀቴንም አልደብቅም ነበር፤ በፊታቸው ሳልፍ ሆን ብዬ እርምጃዬን እጨምራለሁ።

ከሁሉ አብልጬ የምንቀው ግን ቴሌፎነኛውን ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ሃሎ ደብረ ማርቆስ» ሲል የኖረ፣ ሰውነቱ እንደ ሊጥ የላላ፣ ለስላሳ እጅ ያለው ሰው ነው። የተወለደው ከአባይ ማዶ፣ በጌምድር ነበር። የወረዳውን ሰው ሁሉ ከዘመዱ ጋር ሲያገናኝ የኖረ ሰው፣ ያሳደገችውን ታላቅ እኅቱን ግን ሃያ ዓመት አልፎት ዐይኗን አላየም። እሷ ባለችበት አገር እንኳን ቴሌፎን ደብዳቤም በስንት ጊዜ ነው የሚደርሰው። በዚያ ዓመት ከማዶ የመጣ ነጋዴ መልእክቷን አደረሰው፤ «ዐይኔ እየጨለመ ነው፤ ጨርሶ ሳይጠፋ መጥተህ ልይህ» ብላለች። እሱም ይህን ቃል በየቀኑ ከግድግዳው ሥር እያነሣ ይተክዛል እንጂ አይነሣም። ባልንጀሮቹም «በዚህ ዕድሜ ምን መንገድ አለ፣ እግዜር በሰማይ ያገናኛችሁ» ይሉታል። በመኪና ዞሮ እንዳይሄድ መኪና ላይ ያስመልሰዋል፤ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ሲመለስ ሳምንት ተኝቷል።

አንድ ቀን ይህ ልቅሶ ሰለቸኝ።

«ሰባራው ድልድይ አለ አይደለም እንዴ?» አልሁት ሁሉም እየሰማ። «እስከ ሞጣ ሦስት ቀን፣ ከሞጣ ወደ ቆላው አንድ ቀን ነው። በገመድ ተሻግረው ከእኅትዎ ቤት ይገባሉ። ምን ያስለቅስዎታል?»

ሰባራው ድልድይ ከሞጣ በታች አባይ ላይ ያለ የጥንት የድንጋይ ድልድይ ነው። መካከሉ ስለፈረሰ ተሻጋሪው ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰርለትና ከማዶና ከወዲህ የቆሙ ጉልበተኞች በክፍተቱ ላይ ስበው ያሻግሩታል። ጡረተኞቹ ይህን ሲሰሙ ማማተብ ጀመሩ። እኔም በንቀት ሳቅሁ። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል፤ እነሱ ከፍርድ ቤቱ ግድግዳ ወዲያ አገር ያለ አይመስላቸውም። «እኔ ራሴ እወስድዎታለሁ» አልሁት። ያን ገመድ ስንት ጊዜ የተሻገርሁበት መስሏቸው ይሆናል። አንድም ቀን ተሻግሬ አላውቅም። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርሁም።

በጥር ወጣን። ስንቃችን በሶና ደረቅ ዳቦ ነበር። እኔ ከፊት እሄዳለሁ፣ እሱ ከኋላ ይንፏቀቃል። ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ሰላም ይላል፤ ከብቱን፣ ልጁን፣ ዝናሙን ይጠይቃል። እኔ ኮረብታው ራስ ላይ ደርሼ ዱላዬን ተደግፌ ስጠብቀው፣ እሱ ገና ከታች ከአንዲት አሮጊት ጋር ስለ ወገቧ ይጨዋወታል። በሁለተኛው ቀን እግሩ ውኃ ቋጠረ። ግንደወይን ያሳደሩን ሰዎች እግሩን በሞቀ ውኃ ሲያጥቡለት አየሁት፤ ሕፃን ልጅ እንኳ እንዲህ ያለ እግር የለውም። በማግስቱ አይነሣም ብዬ ነበር። ተነሣ። አንድም ቀን አላማረረም፤ ይህም ራሱ ያናድደኝ ነበር። ሰው ሊንቀው እንዳይችል አድርጎ መታገሥ ምን የሚሉት ጠባይ ነው?

ሞጣ አንድ ቀን ዐርፈን በማግስቱ ቁልቁለቱን ወረድን። ከቆላው መንደር አድረን ጠዋት ከድልድዩ ስንደርስ ሙቀቱ ከወዲሁ ያፍናል። የገበያ ቀን ስለነበር ገመድ ሳቢዎቹ በሁለቱም ወገን ቆመዋል። ከድልድዩ ጫፍ ላይ ሆኜ ወደ ታች ተመለከትሁ። ውኃው በጠባቧ ገደል ውስጥ ተጨናንቆ፣ አረንጓዴ ሆኖ ይጮኻል። ወዲያው ዐይኔን አነሣሁ።

ጥቂት ሰዎች ከተሻገሩ በኋላ ተራው የእኛ ሆነ። የገመዱ አለቃ፣ ደረቱን ገልጦ የቆመ ጎልማሳ፣ «ማን ይቀድማል አባቶቼ?» አለ።

«እርስዎ ይቅደሙ» አልሁት ቴሌፎነኛውን።

«ኧረ አይገባም፤ እርስዎ ይቅደሙ» አለኝ።

የእኛ አገር ሰው ይህን ያውቀዋል። ሁለት ሽማግሌዎች አንድ በር ላይ ከተገናኙ ገበታው ይቀዘቅዛል እንጂ አንደኛው በቀላሉ አይቀድምም። በዕድሜ እኩያሞች ስለነበርን በዚያ በኩል መለየት አልተቻለም።

«እንግዳ ይቀድማል» አልሁት። «ጎጃም ላይ እንግዳው እርስዎ ነዎት።»

«ማዶው ግን የእኔ አገር ነው» አለ። «ወደ አገሬ የሚገቡት እርስዎ ስለሆኑ እንግዳው እርስዎ ነዎት። እንግዳዬን ከኋላዬ ጥዬ ገባሁ ብላት እኅቴ ምን ትለኛለች?»

«እሷ የላከችው ለእርስዎ ነው፤ የተጠራ ይቀድማል።»

«ያመጡኝ እርስዎ ነዎት፤ መሪ ይቀድማል።»

«አባቶቼ» አለ የገመዱ አለቃ፣ «ይኸ ገመድ ነው እንጂ የሠርግ ቤት በር አይደለም።»

ከኋላችን ተራ የምትጠብቅ፣ ሦስት ዶሮዎች እግራቸውን አስራ የያዘች ሴት ነበረች። ትዕግሥቷ አለቀ። «እናንተ ስትገባበዙ ዶሮዎቼ በሙቀት ሊያልቁብኝ ነው» ብላ በመካከላችን አልፋ ወጣች። ገመዱ ታሰረላት፤ ዶሮዎቿን ደረቷ ላይ አቅፋ በአየር ላይ እየተወዛወዘች ሄደች። ሥርዐት የሌላት ብዬ ናቅኋት። ከማዶ ስትደርስ ቀሚሷን አራግፋ፣ ዘወር ብላ ሳታየን ዳገቱን ያዘች።

እኛም ቀጠልን። እሱ ይላል፣ እኔ እላለሁ። እንደማልሁ፣ እንደገዘትሁ አስታውሳለሁ፤ ጊዮርጊስንም ጠርቻለሁ። አፌ የይሉኝታውን ቃል ሲያንበለብል ዱላ የያዘው እጄ ለብቻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ ክብር እየሰጠሁት አልነበረም። ፈርቼ ነበር። ያን ሁሉ ጠዋት በየጁቤ መንገድ የገሰገስሁት፣ በነዚያ ሰዎች ፊት እርምጃዬን የጨመርሁት እኔ፣ እግሬ ከመሬት የሚለቅ መሆኑን ሳስብ ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነበር።

የገመዱ አለቃ ፀሐዩን አየ። «ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ገመዱ ይፈታል። ከማዶ ያሉትም ወደ ገበያቸው ይሄዳሉ። የሚሻገር ይሻገር» አለ።

ቴሌፎነኛው ሊመልስልኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ዐይኑ እጄ ላይ ዐረፈ። ቃሉን አቋረጠ። «እሺ፣ እንዳሉት ይሁን። እኔ ልቅደም» አለ። ጋቢውን አጣጥፎ ወገቡ ላይ አሰረና ወደ ገመዱ ሄደ። ደፋር ነበር ልል አልችልም። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ዐይኑን ጨፍኖ ውዳሴ ማርያም ይደግማል፤ ከጠርዙ ሲለቅቁት እንደ ሕፃን ጮኸ። ከእኔ ያነሰ አልፈራም። ግን ሄደ። ያ የላላ ሰውነት መካከል ላይ ሲደርስ ገመዱ አንድ ጊዜ ረግቦ ወደ ታች ወረደ፤ እኔ ዐይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ ከማዶ ድንጋይ ላይ በእጁም በጉልበቱም እየዳኸ ይወጣ ነበር።

ገመዱ ተመለሰ። አለቃው ዘርግቶ ያዘልኝና «ይምጡ አባቴ» አለኝ።

«ጉልበቴን አሞኛል» አልሁ።

አለቃው ጉልበቴን አየ፣ ከዚያ ፊቴን አየ፤ ገመዱን ወደ ራሱ ሳበ። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ያየ ይመስለኛል። ወደ ማዶ፣ «ሞጣ እጠብቅዎታለሁ! ጉልበቴ!» ብዬ ጮኽሁ። ቴሌፎነኛው አልተከራከረም። እጁን አንሥቶ እጅ ነሣኝና ዞረ፤ ያንን ያበጠ እግሩን እየጎተተ ዳገቱን ጀመረ። ከዐይኔ እስኪሰወር ድረስ አንድም ጊዜ አላረፈም።

እኔም ሰዉ የሁለት ቀን እያደረገ የሚወጣውን ዳገት በዚያው ቀን ወጣሁት። ጉልበቴ ፈጽሞ አላመመኝም። ያን ዕለት ቢያመኝ ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ!

ሞጣ ከአንድ ዘመዴ ቤት ዐሥራ አንድ ቀን ተቀመጥሁ። ከግቢ አልወጣሁም። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ቴሌፎነኛው መጣ፤ ፀሐይ አጥቁሮት ከስቶ ነበር። ወደ ቢቸና ስንመለስ ያወራኝ ስለ እኅቱ ብቻ ነበር። አንደኛው ዐይኗ ጠፍቷል፤ በሌላው ከቅርብ ታያለች። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃን እያዞረች ቀኑን ሙሉ አየችው። «ሸምግለሃል» ብላ ሳቀችበት። ሲለያዩም «አሁን ቢጠፋ ግድ የለኝም» አለችው። ይህን ሲነግረኝ እያለቀሰ ነበር፤ እኔ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ። ስለ ገመዱ አንድ ቃል አላነሣም። እኔ ግን ሦስቱንም ቀን መቼ ያነሣዋል እያልሁ ጠበቅሁት። ቢሰድበኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

ቢቸና በደረስን በማግስቱ ጡረተኞቹ ከበቡን። ጋቢያቸው ከአፍንጫቸው ወርዶ፣ ነፋስና ኩላሊት ተረስቶ፣ ሁሉም ስለ ድልድዩ ይጠይቃል። ወደ እኔ ነበር የሚያዩት፤ እኔ ነኛ ባለ እግሩ። እነዚህን ሰዎች ስንቃቸው ኖሬ አሁን በእነሱ ፊት ልዋረድ መሆኑን ሳስብ ከዚያ ገደል ቢጥሉኝ ይሻለኝ ነበር። ቴሌፎነኛው ቀድሞኝ ተናገረ።

«ማን ይቅደም ብለን ብዙ ተገባበዝን» አለ። «በኋላ እሳቸው እንግዳዬ ስለሆኑ ቀደሙ። ተሻግረው ከማዶ 'አይዞዎት' ሲሉኝ እኔም በእሳቸው ድፍረት ተከተልሁ።»

ይህን ሲል ፊቱ ላይ ፌዝ ፈለግሁ። አልነበረም። ቢኖር እንዴት በተገላገልሁ! ናቀኝ ብዬ እጠላው ነበር። እሱ ግን ከድልድዩ ጫፍ ላይ የጀመረውን ክብር እስከ መጨረሻው ሰጠኝ፤ የሰጠኝም ለእኔ የማይገባኝ መሆኑን እያወቀ ነው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በቅሎ የሚያስጭነው ሰውዬ በአድናቆት አይቶኝ፣ «አልፈሩም?» አለ።

«ምን ያስፈራል» አልሁ።