የሚሸጥ ቤት፣ ከነጓሮ በሩ

ቤቱን ለመሸጥ የተስማማሁት እኔው ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ባሌ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ነኝ፣ ጉልበቴም ከድቶኛል። ነቀምት ያለው ልጄ «እማዬ፣ ነይ እኛ ጋ» ሲለኝ እሺ አልኩ። «መጀመሪያ ይታደስና ይሸጥ» ሲልም እሺ አልኩ። ግንበኞች ይዞ ሲሬ ድረስ መጣ። የጭቃው ግድግዳ በሲሚንቶ ተለሰነ፣ ኮርኒሱ ተቀየረ፣ ወለሉ ሴራሚክ ሆነ። ሴራሚኩ ሁለቴ ሊጥለኝ ነበር፤ ግን ያምራል፣ ምን ይወጣለታል!

ለአንድ ሳምንት ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ስመለስ የጓሮው አጥር በብሎኬት ተገንብቶ ጠበቀኝ። የጓሮዋ በር የለችም።

«ዘመናዊ ግቢ በሩ አንድ ነው» አለኝ ልጄ። «ካርታው ላይም የለችም።»

ካርታ! ያቺ በር ወደ ጎረቤቴ ግቢ የምታስወጣ ናት። የውሃ ጉድጓዳችንን የቆፈሩት የእኔ ባልና የእሷ ባል ናቸው፤ አንዱ ሲቆፍር ሌላው አፈር እየጎተተ። መጀመሪያ በእነሱ ግቢ ጀመሩ፣ አለት ገጠማቸው። ውሃው በእኛ በኩል ወጣ። በቃ፣ ይኸው ነው። ይሄ በየትኛው ካርታ ላይ ነው የተጻፈው? መንገድ ተዘግቶ፣ ቧንቧው ደርቆ በከረመ ጊዜ ሁለት ቤተሰብ የጠጣነው ከዚያ ነው። ባሌ ያረፈ ዕለትም፣ እሪ ብዬ ሳልጨርስ፣ በዚያች በር የገባችልኝ እሷ ናት።

«ኦቦሌቲ ኮ» ነው የምትለኝ፤ እህቴ። በሩ ሲዘጋባት ግን ጄሪካኗን አዝላ በአስፋልቱ ዞራ መጣችና የፊት ለፊቱን በር እንደ እንግዳ አንኳኳች። አንኳኳች እኮ! በኀፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ደላላው ገዢ ይዞ በሚመጣበት ቀን ጠዋት ዶማ አነሳሁ። ጉልበቴ ከድቶኛል ብያለሁ፤ ለካ ስናደድ ይመለሳል። ሰዎቹ ሲገቡ ሦስተኛውን ብሎኬት እያወረድኩ ነበር።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ ደላላው ክው ብሎ።

«በር እየከፈትኩ። ቤቱ የሚሸጠው ከነጓሮ በሩ ነው፤ ጎረቤቴም እንደወትሮዋ ውሃ ትቀዳለች። ውሉ ላይ ይጻፍልኝ።»

ገዢው ፈገግ አለ። «እሱን ከገዛሁ በኋላ እንነጋገርበታለን፣ እናቴ።»

«ሞኝህን ፈልግ!» አልኩት።

ሄዱ። ልጄ በስልክ ጮኸብኝ፤ እኔም ጮህኩበት። ጎረቤቴ በቀዳዳው አጮልቃ «ተይ ኦቦሌቲ ኮ፣ በእኔ ምክንያት ገዢ አይጥፋብሽ፤ እኔ እዞራለሁ» ስትለኝ ጭራሽ ደሜ ፈላ።

«ዝም በይና ጄሪካንሽን አምጪ!»

አመጣች። የቀሩትን ብሎኬቶች አብረን አወረድን። ሁለት አሮጊቶች እያለከለክን፣ አቧራ ለብሰን፣ እንደ ልጅ ሳቅን።

የፊት ለፊቱ በር ላይ ልጄ በቀይ ቀለም «የሚሸጥ ቤት» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ «ከነጓሮ በሩ» ብዬ ጨመርኩበት። ዕድሜዬን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩ አስተማሪ ነኝ፤ ማንም ማንበብ አቃተኝ ሊለኝ አይችልም። ቤቱ አሁንም ይሸጣል። የፊት ለፊቱን በር ግን ለገዢ አልከፍትም። ቤቴን ማየት የሚፈልግ በአስፋልቱ ዞሮ የጎረቤቴን በር ያንኳኳ፤ እሷ ካስገባችው ይግባ።