ማርስ ላይ ማን ይቀብራል?

የመርሳው ሞገስ ሚኒባሱን ወደ ወልድያ ሲነዳ አፉም አብሮ ይነዳል። ሌላው ሹፌር ስለ ነዳጅ ሰልፍ ያማርራል፤ ሞገስ ስለ ማርስ ያወራል። የሰው ልጅ እዚያ ሄዶ ቤት ይሠራል ይላል፤ አየሩን ራሱ እያመረተ ይተነፍሳል፣ በመስታወት ቤት ድንች ይተክላል። ከፊት ወንበር የማትጠፋው ሽንኩርት ነጋዴዋ ዓቢዳ ታዲያ አታስጨርሰውም።

«ወላሂ ሞገስ፣ መጀመሪያ ይችን መኪና ወልድያ አድርሳት። ማርስ ላይ ገበያ ከቆመ ግን ለሽንኩርቴ ጥላ ያለበት ቦታ ያዝልኝ።»

መኪናው በሙሉ ይስቃል። እሱ አይከፋውም፤ የሳቀ ሰው ሰምቷል ብሎ ነው የሚያስበው።

ነገር የመጣበት አንድ ሐሙስ ነው። ወልድያ ላይ ስለ ጠፈር የሚያስረዳ እንግዳ መጥቷል ሲባል ሰማና ስልኩን ዘግቶ ከተማሪዎች መሀል ተቀመጠ። እሱ አፉን ከፍቶ ሲሰማ፣ መርሳ ላይ ጡሩምባ ተነፋ። አንድ ጎረቤቱ ዐርፈው ነበር። ሲመለስ ቀብሩ አልቋል፣ ሰውም ተበትኗል።

በወሎ ቅሬ፣ በሰፈሩ የቀብር ዕድር፣ ሰርግ ቢቀሩ ይታለፋል፤ ቀብር ቀርቶ ግን ዝም የለም። እስላሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ለእስላሙ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ አካፋህ ያልታየ ቀን ሰውነትህ ይጠየቃል።

ቅሬው ዋርካው ሥር ሲሰበሰብ ዳኛው ሼህ ጀብሪል አስነሡት።

«የት ነበርክ?»

«ወልድያ። ስለ ማርስ ልሰማ ሄጄ።»

ሰዉ አጉረመረመ። ሞገስ ነጠላውን አውርዶ፣ «አጠፋሁ። ጎረቤቴን ሳልቀብር ቀረሁ፤ ይቅር በሉኝ» አለ። ነገሩ በዚህ ማለቅ ነበረበት። ሼሁ ግን ተቀመጥ አላሉትም።

«አንድ ይቀርሃል። ይሄን የሰማይ ወሬ ተውኩ በል። ልጆቻችን እንደሁ ድሮም እግራቸው አላርፍ ብሏል፤ አንተ ደግሞ ሌላ መንገድ ታሳያቸዋለህ።»

ሁሉም አቀረቀረ። የሼሁ ልጅ ዛኪር ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ከወጣ በኋላ በረሃ ላይ ቀርቷል። ማን እንደቀበረው ቀርቶ መቀበሩም አይታወቅም።

«ሰው ቀባሪ ወደሌለበት አይሄድም» አሉ ሼሁ፤ ድምፃቸው ቀጠነ።

ሞገስ «ተውኩ» ብሎ መቀመጥ ይችል ነበር። ማን ያጣራል?

«ሼህ ጀብሪል፣ ዛኪርን እወደው ነበር፤ አንቱም ያውቃሉ። ግን ሰው ይሄዳል። አትሂድ ስንለውም ሄዷል። ማርስም ይሄዳል። እኔ የምለው ቀባሪው አብሮ ይሂድ ነው። እዚያ የሚያልቀው ሰው አየር አጥቶ ብቻ መሰለዎ? ጡሩምባ ሲሰማ የሚወጣ ጎረቤት ከሌለው መስታወት ቤቱ ምን ያደርግለታል? ይሄን ደግሞ ከኛ በላይ ማን ያስተምራቸው? አጥፍቻለሁ ብያለሁ። ተውኩ ግን አልልም።»

«እንግዲያስ ቅሬውን ተው» አሉት።

ከቅሬ የወጣ ሰው ቤት ሞት ቢገባ ደራሽ የለውም። ሞገስ ደግሞ አሮጊት እናት አለችው። ማታውን ነገራት።

«ያልካድከውን ካድኩ እንዳትል» አለችው። «ብቻ ቶሎ ታረቅ ልጄ፤ እኔ ብዙ አልቆይልህም።»

አልተኛም። በማግስቱ ግን ስለ ማርስ ሲያወራ ነበር፤ እንዲያውም ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ክረምቱ እንደወጣ የዓቢዳ አባት ዐረፉ። ጡሩምባው ሲነፋ ሞገስ መናኸሪያ ነበር፤ መኪናው ሞልቶ ሞተሩ ተነሥቷል። ሞተሩን አጠፋ።

«ውረዱ፣ ሌላ መኪና ያዙ። ቀብር አለብኝ።»

«አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?» አለው አንድ ሹፌር።

ሞገስ ቁልፉን ነቅሎ ሄደ። አካፋውን ከቤቱ ይዞ ሲደርስ ጉድጓዱ ገና መጀመሩ ነው። ሰዎቹ እሱን ትተው ሼህ ጀብሪልን አዩ።

«አልተጠራህም» አሉት ሼሁ።

«ጎረቤቴ ናቸው። ለመቅበር ደግሞ ፈቃድ አልለምንም።»

ብሎ ዘሎ ገባ። ውጣ ያለው የለም፤ አይዞህ ያለውም የለም። ጥቂት እንደቆፈረ አካፋው ድንጋይ አገኘና ጮኸ። ሼሁ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ከዚያ ዶማውን ከጎናቸው ከቆመው ሰው ተቀብለው በገዛ እጃቸው አቀበሉት።

«በዚህ ፈልቅቀው።»

ሞገስ ዶማውን ተቀብሎ አንድ ሁለቴ ሰነዘረ። ቀና ሳይል፣ «እዚያም መሬቱ ድንጋያማ ነው አሉ» አለ።

ከጉድጓዱ አፍ ያሉት ሰዎች ወደ ሼሁ ዞሩ። ሼህ ጀብሪል ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ቆፍር» አሉ። «ስትጨርስ ታወራለህ።»