የእታለም ክብ ፊት

ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ቤት ተራ ስጠብቅ፣ አንዲት ለግላጋ ልጅ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ «የምታወፍረዋ ኪኒን አለች?» አለች። ሻጩም ምንም ሳይጠይቅ ሰጣት። ታላቅ እህቴ ትዝ አለችኝ።

በጃንሆይ ጊዜ አባቴ ፖሊስ ሆኖ ጋምቤላ ተመድቦ ባሮ ዳር እንኖር ነበር። እታለም የምላት ታላቅ እህቴ አስም ነበረባት። ክረምት አልፎ ሣሩ ሲያብብ ደረቷ ያፏጫል። የክሊኒኩ ድሬሰር ኦጁሉ፣ የአኙዋ ሰው ነው፣ ትንንሽ ነጭ ኪኒኖች ሰጣት። «ይቺ የተቆጣ ሳንባ ታበርዳለች። ለጥቂት ቀን ብቻ ነው» አለ። እውነቱን ነበር፤ ሳይውል ሳያድር እታለም ቁጭ ብላ የተጠበሰ አሳ ስትግጥ አየናት።

መብላቷ ግን አላቆመም። ፊቷ ሞላ። እኛ ደገኞች መቼም ውፍረት ካየን ጤና ያየን ይመስለናል፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ወዘና መጣላት» አለ። ሰርጓ ደርሶ ነበርና እናቴ ያንኑ ኪኒን ከገበያ ትገዛላት ጀመር። ባለሱቁ ከጨውና ከሳሙናው ጎን ደርድሮ «የሙሽራ ኪኒን» ይለዋል። ክንድና እግሯ እየሰለለ ፊቷ ብቻ ያብጣል።

አንድ ቀን ቁርጭምጭሚቷን እሾህ ጫራት። ቁስሉ አልድን ብሎ አመረቀዘ። የሙሽራው ወገኖች ሊያዩዋት ሲመጡ ሽቶ ተርከፍክፎባት ተቀመጠች፤ እኔ እግሯ ሥር ሆኜ ዝንብ እከላከላለሁ። የበሰበሰ ማንጎ የመሰለ ሽታ ከቀሚሷ ሥር ይወጣል። የሙሽራው አክስት ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጋ «ሰው ማለትማ እንዲህ ነው» ስትል፣ የበላሁት ጉሮሮዬ ድረስ መጣ።

በማግስቱ በትኩሳት ስትቃጠል ኦጁሉ ተጠራ። ቁስሉን ገልጦ አየና ወደ እናቴ ዞረ።

«ማማ፣ ይቺ ኪኒን የሰውነት ቁጣ ታስተኛለች። ቁስል የሚጠብቅ ዘበኛም አብሮ ይተኛል።»

እናቴ ብልቃጡን ይዛ ወደ ባሮ ልትወረውረው ተነሳች። እጇን ያዛት።

«አይሆንም ማማ። ሰውነቷ ለምዶታል፤ በአንዴ ከተወች ትሞትብሻለች። በትንሽ በትንሹ ነው የምንቀንሰው።»

እናቴ የጠላችውን ኪኒን እየቆረሰች ታስውጣት ነበር፤ ኦጁሉ ደግሞ እየተመላለሰ መግሉን ያጥባል። እታለም ተረፈች። ፊቷም ወደ ድሮው ተመለሰ። ያን ጊዜ የሙሽራው ቤት «ከስታለች፣ በሽተኛ ናት» ብለው ቀሩ።

መድኃኒቱን አልጠላውም። የልጅ ልጄ አስሟ ሲነሳባት ሐኪሟ ለጥቂት ቀን ያዝላታል፣ ትንፋሿም ይመለስላታል። እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ የመግሉ ሽታ እንኳ አይደለም። ሰው ታሞ ሲያብጥ እልል ብለን፣ ድኖ ሲከሳ ፊታችንን ማዞራችን ነው።